መርከብ «ኢትዮጵያ»፦ በጦርነትና በሰላም የግማሽ ምዕተ ዓመት ጉዞ

«ኢትዮጵያ» ከ1954 ዓ.ም. እስከ 1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገለች፣ በዘመኗ ከአገሪቱ የጦር መርከቦች ሁሉ በስፋትና በዝና ቀዳሚ የነበረች መርከብ ናት። መለያ ቁጥሯ ኤ-01 ሲሆን፣ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆና ለ29 ዓመታት ሰንደቅ ዓላማ አውለብልባለች።

መርከቧ የተሠራችው በአሜሪካ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት «ኦርካ» በሚል ስም በውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ፣ ጥይት፣ ምግብና መለዋወጫ እያጓጓዘች በፓስፊክ ውቅያኖስ ዘምታለች። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ በሥራ ላይ የቆየችበት ጊዜ በድምሩ ወደ 12 ዓመታት ገደማ በመሆኑ፣ ከዕድሜዋ አብዛኛውን ያሳለፈችው በቀይ ባሕር ላይ በኢትዮጵያ ባንዲራ ሥር ነው ማለት ይቻላል። የሕይወት ታሪኳም ኢትዮጵያ በዘመናዊ መልክ ወደ ባሕር የወጣችበትንና ከባሕር የራቀችበትን ዘመን አጠቃሎ ይይዛል።

የተሠራችበት ዓላማና ይዞታዋ

መርከቧ የተሠራችው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በሁተን ከተማ በሚገኘው የሌክ ዋሽንግተን የመርከብ ግንባታ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1942 ወደ ውኃ የወረደች ሲሆን፣ የውስጥ ሥራዋ ተጠናቆ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1944 የአሜሪካ ባሕር ኃይልን ተቀላቅላለች። በዚያን ጊዜ የዚህ ዓይነት መርከቦች በባሕረ ሰላጤዎች ስም ይጠሩ ስለነበር፣ እርሷም በአላስካ ከሚገኘው የኦርካ ባሕረ ሰላጤ ስሟን አግኝታለች።

ርዝመቷ 95 ሜትር፣ ወርዷ 12 ሜትር ከግማሽ ያህል ሲሆን፣ ሙሉ ጭነት ስትይዝ ክብደቷ ከ2 ሺህ 500 ቶን በላይ ይደርሳል። በናፍጣ ሞተሮች የምትንቀሳቀስ ስትሆን፣ በሰዓት 18 ኖት ወይም ወደ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛለች። የባርኔጋት ክፍል በመባል ከሚታወቁት አነስተኛ የአውሮፕላን ደጋፊ መርከቦች አንዷ ናት።

የደጋፊ መርከብ ሥራ ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የተለየ ነው። አውሮፕላኖች በመርከቧ ወለል ላይ አያርፉም፤ የሚያርፉት በአቅራቢያዋ በሚገኝ ጸጥ ያለ ውኃ ላይ ነው። ደጋፊ መርከቧ መልህቋን በአንድ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ትጥላለች፤ አውሮፕላኖቹ የሚታሰሩባቸውን ተንሳፋፊ ምልክቶች በዙሪያዋ ታቆማለች። ከዚያም በጀልባ ነዳጅና ቦምብ ታቀብላለች፤ ብልሽት የደረሰበትን አውሮፕላን በክሬን አንሥታ ትጠግናለች፤ ለአብራሪዎቹም ምግብና መኝታ ትሰጣለች። በአጭሩ አንድ መርከብ ብቻዋን የአየር ማረፊያን፣ የነዳጅ ማደያን፣ የጥገና አውደ ጥናትንና የማረፊያ ቤትን ሥራ ትሠራለች ማለት ነው። የባርኔጋት ክፍል መርከቦች እስከ 80 ሺህ ጋሎን፣ ይኸውም ወደ 300 ሺህ ሊትር የሚጠጋ የአውሮፕላን ቤንዚን እንዲይዙ ታስበው የተሠሩ ናቸው።

መርከቦቹ ጥልቀት በሌላቸው ትናንሽ ወደቦች ሁሉ መግባት እንዲችሉ ታስቦ ስለተሠሩ፣ ከውኃ በታች የሚውለው አካላቸው ከአራት ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህ ባሕርይ ከዓመታት በኋላ የመርከቧን ዕጣ ፈንታ ከወሰኑት ጉዳዮች አንዱ ሆኗል።

በፓስፊክ ጦርነት

«ኦርካ» እ.ኤ.አ. በሜይ 1944 ወደ ኒው ጊኒ ደረሰች። ተልእኮዋ ካታሊና የተሰኙትን ባለ ሁለት ሞተር የባሕር አውሮፕላኖች መደገፍ ነበር። ካታሊናዎቹ ፍጥነት ስለሌላቸው በቀን ብርሃን ለጠላት ተዋጊ አውሮፕላኖች በቀላሉ ይጋለጡ ነበር። በመሆኑም መላ አካላቸው ጥቁር ቀለም ተቀብቶ በሌሊት የጃፓንን የአቅርቦት መርከቦች እያሰሱ እንዲያጠቁ ተደረገ። «ጥቁር ድመቶች» የሚለውን ቅጽል ስም ያገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጎሕ ሲቀድ ወደ ደጋፊ መርከባቸው ተመልሰው ቀኑን በዕረፍትና በጥገና ያሳልፉ ነበር።

የካታሊናዎቹ ሁለተኛ ሥራ ነፍስ ማዳን ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1944 «ኩፐር» የተባለችው የአሜሪካ አውዳሚ መርከብ በፊሊፒንስ የኦርሞክ ባሕረ ሰላጤ ሰጥማ 191 መርከበኞች ሕይወታቸው አለፈ። 168ቱ ግን ተርፈዋል። ከተረፉት መካከል ከመቶ በላይ የሚሆኑትን ከባሕር ያወጧቸው ከ«ኦርካ» ጋር በሌይቴ ይሠሩ የነበሩ ካታሊናዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ከገዛ ሠራተኞቹ ሌላ 56 ሰዎችን ጭኖ ከውኃ ላይ ተነሥቷል። ለጥቂት ሰዎች የተሠራ አውሮፕላን ይህን ያህል ሰው ይዞ መብረሩ በባሕር ነፍስ አድን ታሪክ ውስጥ ሲጠቀስ ይኖራል።

መርከቧ ራሷም ከአደጋ የራቀች አልነበረችም። በሌይቴና በሊንጋየን በተካሄዱት ዘመቻዎች ጊዜ የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላኖች ጥቃት ከሰነዘሩባቸው መርከቦች አንዷ ነበረች፤ ሆኖም ከባድ ጉዳት ሳይደርስባት ተርፋለች።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 የበጋ ወራት አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች ላካሄደችው የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ድጋፍ ሰጥታለች። እ.ኤ.አ. በ1947 ከአገልግሎት ወጥታ በተጠባባቂነት ተቀመጠች። የኮሪያ ጦርነት ሲቀሰቀስ የመርከቦች ፍላጎት በመጨመሩ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1951 ወደ ሥራ ተመለሰች፤ ለዘጠኝ ዓመታት ያህልም በሩቅ ምሥራቅ እየተመላለሰች አገልግላ እ.ኤ.አ. በ1960 የአሜሪካ አገልግሎቷን ፈጸመች።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ምሥረታ

ቀይ ባሕር ለኢትዮጵያ ደገኛ ሕዝብ እንግዳ አልነበረም። ከጎንደር ተነሥተው በአድዋ በኩል ወደ ምፅዋ የሚወርዱ ነጋዴዎች ለብዙ ዘመናት የወርቅ፣ የዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና የቡና ሸቀጥ ወደ ባሕር ሲያደርሱ፣ ጨርቅና ልዩ ልዩ የውጭ ዕቃ ይዘው ይመለሱ ነበር። ይሁን እንጂ ወደቦቹ በሌሎች ኃይሎች እጅ ስለቆዩ አገሪቱ የራሷ የሆነ ዘመናዊ የባሕር ኃይል አልነበራትም።

ሁኔታው የተለወጠው ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትተሳሰር ነው። ኢትዮጵያ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ የባሕር ጠረፍና ምፅዋንና አሰብን የመሰሉ ወደቦች አገኘች። እ.ኤ.አ. በ1955 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ባሕር ኃይል ተመሠረተ። ዋናው የጦር ሰፈር በምፅዋ ሲሆን፣ የባሕር ኃይል ኮሌጁ በአስመራ ተቋቋመ። በአሰብና በዳህላክ ደሴቶች ጣቢያዎች ተከፈቱ፤ በእምባትካላም የኮማንዶ ማሠልጠኛ ተደራጀ።

ባሕር ኃይሉን በማደራጀትና በማሠልጠን ረገድ የኖርዌይ መኮንኖች ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው። ከብሪታንያ ባሕር ኃይል በጡረታ የተገለሉ መኮንኖችም በአማካሪነት ሠርተዋል። የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል ልዑል እስክንድር ደስታ በባሕር ኃይሉ ከፍተኛ አመራር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆይተዋል።

ወጣቱ ባሕር ኃይል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነበሩት ከአሜሪካ የተገኙ የጥበቃ ጀልባዎችና ከዩጎዝላቪያ የተገኙ ሁለት የቶርፔዶ ጀልባዎች ናቸው። እነዚህ ጠረፍ ለመጠበቅ ይጠቅሙ እንጂ፣ ብዙ ዕጩ መኮንኖችን ይዞ ሩቅ ባሕር ለመውጣት የሚበቁ አልነበሩም።

ከ«ኦርካ» ወደ «ኢትዮጵያ»

ኢትዮጵያና አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 የወታደራዊ ርዳታ ስምምነትና በአስመራ የቃኘው ጣቢያን የሚመለከት ስምምነት ተፈራርመው ነበር። አሜሪካ በጣቢያው የሬዲዮ መገናኛ ስትጠቀም፣ ኢትዮጵያ በአንጻሩ የጦር መሣሪያና የሥልጠና ድጋፍ ታገኝ ነበር። «ኦርካ» ለኢትዮጵያ የተሰጠችውም በዚሁ የሁለቱ አገሮች ግንኙነት መሠረት ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1962 በውሰት ተረክባ «ኢትዮጵያ» ተባለች።

ለጦርነት አቅርቦት የተሠራች መርከብ ለማሠልጠኛነት መመረጧ ያለ ምክንያት አልነበረም። ቀድሞ አብራሪዎችና መካኒኮች ይተኙባቸው የነበሩ ሰፋፊ ክፍሎች ለዕጩ መኮንኖች ማደሪያና መማሪያ የሚበቁ ነበሩ። የጥገና አውደ ጥናቶቿ በራሳቸው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ናቸው። የናፍጣ ሞተሮቿ ነዳጅ ስለሚቆጥቡ ሳትሞላ ረጅም ርቀት መጓዝ ትችላለች። ከውኃ በታች ያለው አካሏ አጭር መሆኑ ደግሞ ኮራል በበዛበት የዳህላክ አካባቢና በትናንሽ ወደቦች ለመዘዋወር አመቺ አድርጓታል። መድፎች፣ ራዳርና የሬዲዮ መገናኛ መሣሪያዎችም ስለነበሯት በአንዲት መርከብ ላይ ሁሉንም የሙያ ዘርፍ ማስተማር ይቻል ነበር።

ኖርዌይም ተመሳሳይ ውሳኔ ወስዳ እንደነበር መጥቀስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1958 ከዚሁ የመርከብ ክፍል አንዷን ከአሜሪካ ተቀብላ በንጉሥ ሆከን ሰባተኛ ስም ሰይማ ለዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ አድርጋታለች።

ተንሳፋፊው ትምህርት ቤት

በአስመራው ኮሌጅ የሚሰጠው ትምህርት ከአራት ዓመት በላይ የሚወስድ ሲሆን፣ ዕጩ መኮንኖቹ በክፍል ውስጥ የተማሩትን በተግባር የሚያዩት በመርከብ ላይ ነበር። በኮከብና በፀሐይ አቅጣጫ መለየት፣ የባሕር ካርታ ማንበብ፣ መርከብን ወደ ወደብ ማስጠጋት፣ ሞተር መቆጣጠር፣ እሳት ማጥፋት፣ በመድፍ ዒላማ መምታት ሁሉ በተግባር የሚቀሰሙ ሙያዎች ናቸው። አብዛኞቹ ሠልጣኞች ከደጋው የአገሪቱ ክፍል የመጡ እንደመሆናቸው ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ለዚህ ሥልጠና በወረዱ ጊዜ ነበር። የቀይ ባሕርን ሙቀትና የማዕበሉን ውዝዋዜ መልመድም የትምህርቱ አካል ነበር።

መርከቧ የአገሪቱ መታያም ነበረች። በምፅዋ በየዓመቱ ይከበር በነበረው የባሕር ኃይል ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ዕጩ መኮንኖች ይመረቁ ነበር። በዚሁ በዓል ላይ የአሜሪካ፣ የብሪታንያ፣ የፈረንሳይ፣ የሶቪየት ኅብረትና የሌሎች አገሮች የጦር መርከቦች በእንግድነት ይመጡ ነበር። በዓለም አቀፍ ፖለቲካ ተፋጥጠው የነበሩ ኃያላን መርከቦቻቸውን በአንድ ወደብ ጎን ለጎን ማቆማቸው በወቅቱ እምብዛም የሚታይ አልነበረም። በመካከላቸው አስተናጋጅ ሆና የምትቆመው ደግሞ «ኢትዮጵያ» ነበረች።

ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ ባሕር ኃይሉም የለውጡ ማዕበል ደርሶበታል። ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከገደላቸው ከፍተኛ ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው።

መርከቧ ግን ሥራዋን ቀጠለች። እ.ኤ.አ. በ1976 ኢትዮጵያ ከአሜሪካ በግዢ የራሷ አደረገቻት። በቀጣዩ ዓመት የሁለቱ አገሮች ወታደራዊ ግንኙነት ተቋረጠ፤ የቃኘው ጣቢያም ተዘጋ። መርከቧን በሙሉ መብት በተረከበች ማግሥት ኢትዮጵያ የመርከቧን መለዋወጫ የምታገኝበትን ምንጭ አጣች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከሶቪየት ኅብረት የሚሳይል ጀልባዎች፣ የወታደር ማጓጓዣ መርከቦችና በ1970ዎቹ አጋማሽ ሁለት ፍሪጌቶች መጥተው የባሕር ኃይሉ ዋና የውጊያ ኃይል ሆኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠራችው «ኢትዮጵያ»ም በማሠልጠኛነት ከአዲሶቹ መርከቦች ጎን ቆየች።

በዚያው ጊዜ በኤርትራ የሚካሄደው ጦርነት እየተባባሰ ሄደ። በ1970 ዓ.ም. ምፅዋ በኤርትራ ሕዝብ ነጻ አውጪ ግንባር በተከበበች ጊዜ የባሕር ኃይሉ ሰፈር ከውድቀት የተረፈው ከባሕር በኩል ይደርስ በነበረ ድጋፍ ነው። ከ12 ዓመታት በኋላ ግን በየካቲት 1982 ዓ.ም. ግንባሩ ከየብስና ከባሕር ባካሄደው ጥቃት ምፅዋን ያዘ። ባሕር ኃይሉ ዋና ሰፈሩን አጣ፤ አሰብም ዋነኛ መጠጊያው ሆነች።

የመጨረሻው ጉዞ

በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ አሰብም ከመንግሥት ጦር እጅ ወጣች። የባሕር ኃይሉ መርከቦች የሚጠጉበት የአገር ወደብ ስላልነበራቸው ሠራተኞቻቸውንና ስደተኞችን ይዘው ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ አመሩ። «ኢትዮጵያ» ወደ የመን ከተሻገሩት መካከል ነበረች። በዚያም ያለ ሥራና ያለ በቂ ጥገና ቆማ ሁለት ዓመት አሳለፈች። እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረትነት ተሸጠች፤ ወደ ውኃ ከወረደች ከ51 ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው።

ኤርትራም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር 1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ሆነች። በየመን የነበሩ ሌሎች የኢትዮጵያ መርከቦች ወደ ጅቡቲ ተዛወሩ። ባሕር ኃይሉም ወደብ የሌለው የባሕር ኃይል ሆኖ ለጥቂት ዓመታት ቆየ። የወደብ ክፍያ በመከማቸቱ የጅቡቲ ባለሥልጣናት መርከቦቹን ይዘው መስከረም 6 ቀን 1989 ዓ.ም. በጨረታ እንዲሸጡ አደረጉ። የባሕር ኃይሉ ታሪክም በዚሁ ተዘጋ።

የእኅት መርከቦቿ ዕጣ

ተመሳሳይ ዕጣ በሌላ የዓለም ክፍልም ታይቷል። ከባርኔጋት ክፍል መርከቦች ሰባቱ እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1972 ለደቡብ ቬትናም ተሰጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የሳይጎን መንግሥት ሲወድቅ ስድስቱ ስደተኞችን ጭነው ወደ ፊሊፒንስ ሸሹ፤ አንዷ በአገር ቤት ቀርታ በድል አድራጊዎቹ እጅ ገባች። ወደ ፊሊፒንስ ከደረሱት አራቱ በዚያች አገር ባሕር ኃይል ውስጥ ለተጨማሪ ዓመታት አገልግለዋል። «ኢትዮጵያ» ከ16 ዓመታት በኋላ ቀይ ባሕርን ስትሻገር ግን በአዲስ ባለቤት እጅ የመሥራት ዕድል አልገጠማትም።

የንግድ መርከቦች ለምን ተረፉ?

ከባሕር ኃይሉ በተቃራኒ የአገሪቱ የንግድ መርከቦች ሥራቸውን አላቋረጡም። እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት ከ1983 ዓ.ም. በኋላም በአሰብ ወደብ እየተጠቀመ ቀጥሏል። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲቀሰቀስ የአሰብ መሥመር ተዘግቶ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ድርጅቱ በ2004 ዓ.ም. ከሌሎች የዘርፉ ተቋማት ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ሆኗል።

ልዩነቱ ያለው በሁለቱ መርከቦች ባሕርይ ላይ ነው። የንግድ መርከብ ተገቢውን ክፍያ እስከፈጸመች ድረስ በማንኛውም አገር ወደብ ጭና ታራግፋለች፤ ገቢዋም ወጪዋን ይሸፍናል። የጦር መርከብ ግን ገቢ የላትም። ነዳጅዋን፣ ጥይቷን፣ ጥገናዋንና የሠራተኞቿን ቀለብ የሚያቀርብላት ቋሚ ሰፈር ትፈልጋለች። በሌላ አገር ወደብ ለረጅም ጊዜ መቆየቷም የዚያን አገር ፈቃድ የሚጠይቅ የፖለቲካ ጉዳይ ነው። በፓስፊክ ሳለች ለሌሎች ተንቀሳቃሽ ሰፈር የነበረችው መርከብ በመጨረሻ ለራሷ ሰፈር አጥታ ቀርታለች።

ጉዳዩ ከጠረፍ ርቆ ለሚኖረውም አምራች ቅርብ ነው። ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሳንጃና በአካባቢዋ ቆላማ መሬት የሚመረተው ሰሊጥ በአብዛኛው ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ነው። የሚጓጓዘውም ከረጅም የየብስ ጉዞ በኋላ በመርከብ ነው። ወደ አካባቢው የሚገባው ማዳበሪያም እንዲሁ ባሕር አቋርጦ ይመጣል። የባሕር መንገድ ሲታወክ ወይም የወደብ ወጪ ሲንር ገበሬው ለምርቱ የሚያገኘውም ሆነ ለማዳበሪያ የሚከፍለው ዋጋ ይነካል።

ዳግም ምሥረታ

ባሕር ኃይሉን እንደገና የማቋቋም ሐሳብ በ2010 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ይፋ ተደርጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመከላከያ ሠራዊት አዋጅም ባሕር ኃይልን ከሠራዊቱ ክፍሎች አንዱ አድርጎ አካቷል። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ኢትዮጵያን ሲጎበኙ ባሕር ኃይሉን ለማደራጀት የሚያግዝ ስምምነት ተፈርሟል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ኃይሉ ማዘዣ በባሕር ዳር እንደሚሆን ተገልጾ ነበር።

በጣና ዳር በምትገኘው በዚህችው ከተማ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ በዓለም አቀፍ የንግድ መርከቦች ላይ የሚሠሩ መሐንዲሶች የሚወጡበት የማሪታይም ማሠልጠኛ ይገኛል። ከደጋ የመጡ ወጣቶች ሞተር፣ ኤሌክትሪክና የባሕር ደኅንነት ተምረው ወደ ውቅያኖስ ይሰማራሉ። ስድሳ ዓመታት ገደማ ቀደም ብሎ እንደነርሱ ባሕር ሳያዩ ያደጉ ዕጩ መኮንኖች ይህንኑ ሙያ ይቀስሙ የነበረው ምፅዋ ላይ፣ በመርከብ «ኢትዮጵያ» ወለል ላይ ቆመው ነበር።